ጠርዙ ንጹሕ ነው?

እናቴ በቪዜው፣ ከዳቦ ቤቱ ደጅ፣
"ልጄ ሐኪም ናት" ስትል ላገኘችው ወዳጅ፣
"የምን ሐኪም?" ሲሏት ሻሿን ታጠብቅና፣
"ታያለች…" ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትምና።

እውነቷን ነው። ማየት ነው ሥራዬ።
የኮይምብራን ወንዝ ከታች፣ ዝናቡን ከኋላዬ
ትቼ የምገባባት፣ ፎርማሊን የወረሳት፣
ጠባብ ክፍል አለች አራተኛ ፎቅ፣ ውዬ የማድርባት።
ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሦስቴ ታጥቤም ሽታዋ አይለቅም፤
አውቶቡስ ላይ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው አይቆይም።

ጠዋት የሚመጣልን በባልዲ፣ በጠርሙስ፣
ሰውዬው ቁጥር ሆኖ፣ ቁጥሩም በእርሳስ፤
የሐሞት ከረጢት፣ የጡት ቁራሽ፣
ከጀርባ የተነሳ ጥቁር ምልክት፣
አንዴማ ሕፃን ልጅ የዋጠው ሳንቲም፤
ዘገባ ጻፍኩለት፦ "ክብ። መዳብ። ሕመም የለውም።"

ሴኞር ቤልሚሮ ነው ሰም የሚያፈሰው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድም በሽተኛ ሳያየው።
ሥጋውን በሰም ቀብሮ፣ እስኪረጋ ጠብቆ፣
በምላጭ ይልገዋል ትንፋሹን አምቆ፤
ቢተነፍስ ይበርበታላ! ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል።
ከዚያ ሰሙን ያቀልጣል።
"ሰሙስ ይሄዳል" ይለኛል፣ ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ፣
"ከሥሩ የሚወጣው ወርቅ እንዲሆን ግን፣ ማን ቃል ገብቶልሻል?"

የኅዳር ሐሙስ ማታ ለሰም ጊዜ አልነበረም።
ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ሆዱ የተከፈተ ሰው፤
ቀዶ ሐኪሙ በስልክ፦ "ጠርዙ ንጹሕ ነው?"
በበረዶ አድርቄ ቆረጥኩ። ወይን ጠጅ ነከርኩ፣ ሮዝ ነከርኩ።
ጎንበስ አልኩ። አየሁ። ሰዓቱን አየሁ። መለስኩ፦
"ንጹሕ ነው፣ ዶክተር።"
ንጹሕ! ምላስ ላይ ሲሟሟ እንደ ከረሜላ።
ደስ ብሎኝ ነበር ስልኩን ስሰቅል፤ ምን እላለሁ ሌላ።

ዶክተር ቫላዳሬስ፣ ከባለሁለት ራሱ ማይክሮስኮፕ ማዶ፣
መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ አበሱ።
አልተቆጡም። "ተሳስተሻል" አላሉም።
አረንጓዴዋን የብርሃን ቀስት ብቻ ገፏት፣
ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ እኔ ወዳላለፍኩበት፤
ስቡ መሃል፣ ጥግ ላይ፣
ሦስት ሕዋሶች፣ ቢበዛ አራት፣
ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ ባቡር እንደሚጠብቁ መንገደኞች
ተጠጋግተው።
"እነዚህስ?" አሉ።
አወቅኋቸው። ማወቄ ጉሮሮዬን አደረቀው።

ስልኩ ሦስቴ ጠራ። ሰው ሲያነሳ አንቱታው ጠፋብኝ፦
"አትስፋ!" አልኩት። "ቆይ! አትስፋ!"
(ምን ያለች ቃል ናት፤ ፊደሏ ጥቂት ቢገፋ
ተስፋ ትሆን ነበር።)
ከወዲያ ዝምታ። የመተንፈሻ መሣሪያ ድምፅ።
"በየት በኩል ነው?" አለ፣ ቀስ ብሎ።
ነገርኩት። ቆረጠ። ላከ። አየን።
እንደገና ቆረጠ። እንደገና አየን።
ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቫላዳሬስ ራሳቸው ስልኩን አንስተው
"አሁን ይስፉ" አሉት፣ በአንቱታ፤
እኔንም ወደ ወንበሬ እየጠቆሙ
"ተቀመጪ" አሉኝ፣ "የመጀመሪያውን ስላይድ ደግመሽ እዪ።
ያለፍሽው የት ጋ እንደሆነ ሳይሆን
ለምን እንደቸኮልሽ ጻፊልኝ።"
ጻፍኩ። አንድ መስመር ነው፦
ደስ የሚል መልስ ፈልጌ ነበር።

በሳምንቱ፣ ሊፍት ውስጥ፣ የግሉኮስ ብረቱን የሚገፋ ሽማግሌ፣
ሆዱን በመዳፉ ደግፎ፣ ሚስቱ ነጠላ ጫማውን ይዛለት።
እሱ ይሁን አይሁን፣ እንጃ።
ቁጥሩን አውቃለሁ። የስቡን ቅንጣት፣
የእያንዳንዷን ሕዋስ ጠርዝ አውቃለሁ፤
ፊት ግን አላጠናሁም።
"አንቺስ የት ነው የምትሠሪው?" አለኝ፣ ባጄን ለማንበብ ዓይኑን እያጠበበ።
"አራተኛ ፎቅ።"
"እዚያ ደግሞ ማን ይተኛል?"
ሊፍቱ ቆመ። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።
"ማንም" አልኩት። "አራተኛ ፎቅ ማንም አይተኛም።"